ለአስም ሕፃናት የሚያገለግለው ስፔሰር፦ ከሁለት ዓመት ተኩል አገልግሎት በኋላ የተጻፈ ግምገማ

ልጄ በሦስት ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በአስም ታማ ከድንገተኛ ክፍል የወጣን ዕለት ነርሷ በእጄ ላይ ያስቀመጠችው ስፔሰር የሚባል ዕቃ እጅግ ቀላል ሆኖ ታየኝ። ከውኃ ብርጭቆ ብዙም የማይበልጥ፣ ውስጡ ከውጭ የሚታይ የፕላስቲክ ቱቦ ነው። በአንድ ጫፉ ኢንሄለሩ፣ ማለትም የአስም መድኃኒቱን የሚረጨው ዕቃ፣ የሚሰካበት የጎማ ቀዳዳ፣ በሌላው ጫፉ የሕፃን አፍና አፍንጫ የሚሸፍን ለስላሳ ማስክ፣ በቱቦውና በማስኩ መካከል ደግሞ ልጅ አየር ሲስብ የሚከፈትና ሲያስወጣ የሚዘጋ ስስ ቫልቭ አለው። ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ ድምፅም የለውም። ሌሊቱን ሙሉ የልጄ ደረት ወደ ውስጥ እየተሰረጎደ ስትተነፍስ ላየሁት ለእኔ፣ ባዶ ቱቦ ያን የመሰለ ሕመም ያስታግሣል ብሎ ማመን ከባድ ነበር። ስለዚህም ሳምንት ሳይሞላ መድኃኒቱን ወደ ጉም የሚለውጠውን ሞተር፣ ማለትም ኔቡላይዘር፣ ገዛሁ።

ዛሬ ሞተሩ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ስፔሰሩ ግን በየቀኑ ጠዋትና ማታ፣ ሕመሙ በተነሣ ጊዜ ደግሞ ሐኪሟ ባዘዘው መሠረት እንሠራበታለን፤ ልጄም ከቤት ስትወጣ አብሯት ይወጣል። ይህን ግምገማ የምጽፈው ያኔ እኔ እንደ ተጠራጠርኩ የሚጠራጠሩ ወላጆች ብዙ እንደ ሆኑ ስለማውቅ ነው። የምናገረውም ስለ አንድ ፋብሪካ ምርት ሳይሆን፣ ቫልቭና ማስክ ስላለው ለሕፃናት ስለተዘጋጀው የስፔሰር ዓይነት በአጠቃላይ ነው፤ በእነዚህ ጊዜያት ሦስቱን በተራ ተጠቅመናል።

በመጀመሪያ ዕቃው የሚሠራውን ሥራ መረዳት ያስፈልጋል፤ እኔም እስክረዳው ድረስ ነው የናቅሁት። በግፊት የሚረጨው ኢንሄለር እ.ኤ.አ. በ1956 ለገበያ ከቀረበ ጀምሮ አንድ ችግር አብሮት ኖሯል። መድኃኒቱ ከአፉ የሚወጣው በከፍተኛ ፍጥነት ስለሆነ፣ ሲጫኑትና አየር ሲስቡ በትክክል ካልገጠመ አብዛኛው በምላስና በጉሮሮ ጀርባ ላይ ተለጥፎ ይቀራል፤ የሚዋጠውም ብዙ ነው። ወደ ቀጫጭኖቹ የሳንባ ቧንቧዎች የሚደርሱት ቅንጣቶች ከ1 እስከ 5 ማይክሮ ሜትር (የሚሊ ሜትር ሺህኛ) የሚሆኑት ብቻ ናቸው። ይህን መግጠም ለአዋቂም የሚያስቸግር ነው፤ የሦስት ዓመት ሕፃን፣ ያውም ትንፋሽ አጥሯት የምትጨነቅ ሕፃን፣ ታደርገዋለች ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው። ስፔሰር በዚህ መካከል ገብቶ ርጭቱን ያቆየዋል። ፍጥነቱ ይበርዳል፣ ገፊው ጋዝ ይተንናል፣ ትልልቆቹ ጠብታዎች ከጉሮሮ ይልቅ በቱቦው ግድግዳ ላይ ይቀራሉ፣ የቀረው ደቃቅ ርጭት ደግሞ ሕፃኗ በራሷ አተነፋፈስ ቀስ እያለች እስክትስበው ድረስ ይጠብቃታል። ባዶ ያልኩት ቱቦ ሥራው ይኸው መቆያ መሆን ነው።

ከኔቡላይዘሩ ጋር ማወዳደር ግድ ስለሆነ ያየሁትን ልናገር። ሞተሩ አንድ መጠን መድኃኒት ጨርሶ እስኪያተን ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ጩኸቱ ልጄን ያስፈራት ስለነበር ፊቷን ታዞራለች፣ ማስኩ ይለቃል፣ ከማስኩ ጎን የሚወጣው ጉምም ወደ ክፍሉ አየር ይሄዳል። በስፔሰር ያንኑ የሳንባ ቧንቧ የሚከፍት መድኃኒት፣ ሳልቡታሞልን፣ ስሰጣት ከተዘጋጀሁ በኋላ የሚያስፈልገኝ ጊዜ ለአንድ ርጭት አንድ ደቂቃ አይሞላም፣ እፎይታውም እኩል ነው። ይህ የእኔ ግምት ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ደፍሬ አልጽፈውም ነበር። የሕክምና ጥናቶችን እየሰበሰበ የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት ገምጋሚዎች ሁለቱን የሚያነጻጽሩ ጥናቶችን ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2013 ባደሱት ግምገማ፣ ስፔሰር ከኔቡላይዘር እንደማያንስ፣ እንዲያውም በስፔሰር የታከሙ ልጆች በድንገተኛ ክፍል የሚቆዩበት ጊዜ እንዳጠረና የልብ ምታቸውም እንደ ሌሎቹ እንዳልፈጠነ አግኝተዋል። ሆኖም ግምገማው ለሕይወት የሚያሰጋ የአስም ሕመም የያዛቸውን አላካተተም፤ ኦክስጅን የሚያስፈልገው ልጅ በሐኪም ቤት በኦክስጅን በሚገፋ ኔቡላይዘር ቢታከም ተገቢ ነው። እኔ የምለው ቤት ውስጥ ስላለው ወላጅ ነው።

ስለ ዕቃው ከተማርኳቸው ነገሮች ሁሉ ልቤን የነካው ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በኬፕታውን የሚሠሩ የሕፃናት ሐኪሞች ባሳተሙት ጥናት፣ በታችኛው ጫፉ ኢንሄለሩ የሚገባበት ቀዳዳ የተበጀለትን 500 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ተራ የፕላስቲክ ጠርሙስ በፋብሪካ ከተሠራ ስፔሰር ጋር አወዳድረው ነበር። ቀዳዳው በኢንሄለሩ ዙሪያ ተጣብቆ የታሸገው ጠርሙስ ከፋብሪካው ዕቃ ጋር ተቀራራቢ ውጤት ሰጠ፣ የፕላስቲክ ጽዋ ግን ከሁሉም አነሰ። የእኔን ጥርጣሬ ሙሉ በሙሉ የጣለው ይህ ነው። ዋጋው የፕላስቲኩ ሳይሆን የመቆያው ክፍተትና አየር የማያስወጣው መገጣጠሚያ ነው ማለት ነው። ይህን የምጠቅሰው ስፔሰር ማግኘት ያልቻለ ወላጅ በሐኪም ምክር አማራጭ እንዳለው እንዲያውቅ ነው። ቫልቭና ልኩ የሆነ ማስክ ያለው ዕቃ ማግኘት የሚችል ሰው ግን እሱን ይያዝ፤ በተለይ ከአራት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ማስክ የግድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልምጣ። ይህ ዕቃ የሚሠራው የያዘው እጅ በሚያውቀው ልክ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በትክክል እየሰጠሁ ይመስለኝ ነበር፤ መድኃኒቱ ግን እንደ ተባለው አልሠራም። ለክትትል በሄድንበት ቀን ነርሷ «እናቷ፣ እስቲ እንደ ቤትዎ አድርገው ያሳዩኝ» አለችኝ። ኢንሄለሩን አንድ ጊዜ ብቻ ወዝወዝ አድርጌ፣ ጊዜ ለመቆጠብ ሁለት ርጭት በተከታታይ ጫንኩና ማስኩን ፊቷ ላይ አስጠጋሁ። ነርሷ በትዕግሥት ሁሉንም አረመችው። ኢንሄለሩ ከእያንዳንዱ ርጭት በፊት በደንብ መወዝወዝ አለበት። በአንድ ጊዜ አንድ ርጭት ብቻ ይጫናል፤ ሁለት ርጭት በአንድነት ሲገባ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ይከብዳሉና ወደ ሳንባ የሚደርሰው ይቀንሳል። ማስኩ መጀመሪያ አፍንና አፍንጫን አጥብቆ ይያዝ፣ ከዚያ ይጫን፣ ልጅቱም አምስት ወይም ስድስት ጊዜ በተራ አተነፋፈስ ትተንፍስ። ቀጣዩ ርጭት ካስፈለገ ከ30 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ ተጠብቆ እንደገና ከመወዝወዝ ይጀመራል።

ከእነዚህ ሁሉ የከፋው ስሕተቴ ማስኩ ነበር። ከጉንጯ ጎን የጣት ውፍረት እንኳ የማይሞላ ክፍተት እተው ነበር፤ አየር ደግሞ የሚቀለውን መንገድ ስለሚመርጥ ልጄ የምትስበው ከቱቦው ሳይሆን ከዚያ ክፍተት ነበር። ቫልቩ ስትተነፍስ የማይንቀሳቀስ ከሆነ መድኃኒቱ አልገባም ማለት ነው። ስለዚህ ስፔሰር የሚገዛ ሰው የቫልቩ እንቅስቃሴ ከውጭ በግልጽ የሚታይበትን እንዲመርጥ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ሁለተኛው ዕቃችን ይህ ስላልነበረው ትንፋሿን መቁጠር አቅቶኝ ነበር።

ልቅሶም ሌላው ጉዳይ ነው። የሚያለቅስ ልጅ ረዥም ጊዜ አየር አስወጥቶ በአጭሩ ስለሚስብ ወደ ሳንባው የሚደርሰው መድኃኒት በጣም ያንሳል፤ አልቅሳም ቢሆን ትወስደው ማለት ራስን ማታለል ነው። እኛ የረዳን ጤነኛ በሆነችበት ቀን ማለማመዳችን ነው። ማስኩን ያለ መድኃኒት ለአሻንጉሊቷ አደረገች፣ ለእኔ አደረገች፣ በመጨረሻም ለራሷ፤ እኔም ትንፋሿን ጮክ ብዬ መቁጠር ለመድኩ። አሁን ስድስት ላይ ስደርስ እጄን ገፋ አድርጋ «ጨረስኩ እማዬ» ትላለች። ጽናት ላጣ ወላጅ የምለው፣ ያ ሳምንት የፈጀ ልምምድ ከዚያ በኋላ ብዙ ሌሊቶችን እንዳተረፈልን ነው።

ስለ አጠባበቁ ከዕቃው ጋር የሚመጣው ወረቀት በጣም ጥቃቅን በሆነ ፊደል የተጻፈ ነው፤ ይህም የምወቅሰው ነገር ነው፤ ምክንያቱም እጅግ አስፈላጊው መመሪያ በዚያ ውስጥ ተደብቋል። ፕላስቲክ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ይይዛል፣ ይህም የመድኃኒቱን ቅንጣቶች ወደ ግድግዳው ስቦ ያስቀራል። ደረቅ ጨርቅ ያንን ኤሌክትሪክ የሚያባብስ ሲሆን እኔ ደግሞ በንጽሕና ስም በየዕለቱ እየወለወልኩ ነበር። ትክክለኛው አጠባበቅ መጀመሪያ ከመጠቀም በፊት፣ ከዚያም ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ፣ ፈታትቶ ለብ ባለ ውኃና በጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ማጠብ፣ ውስጡን ሳይወለውሉም በራሱ እንዲደርቅ መተው ነው። ስታቲክ ከማይዝ ፕላስቲክ የተሠሩም አሉ፤ ሦስተኛው ዕቃችን እንደዚያ ነው፣ ከተገዛበት ቀን ጀምሮም ችግር አልታየበትም። የመጀመሪያው በዓመቱ አካባቢ ማስኩ ደርቆ፣ ቫልቩም ጫፉ ተጠቅልሎ ስለነበር ተክተነዋል። በስድስት ወር አንዴ በብርሃን አንጻር ይዞ ቫልቩን መመርመር ይገባል።

አንዳንዶቹ ልጁ በፍጥነት ሲስብ የሚያፏጭ ክፍል አላቸው። ዓላማው ማስጠንቀቂያ ነው፤ ልጄ ግን ፉጨቱን እንደ ጨዋታ ወስዳ ለማሰማት ትጥር ነበር። ይህ መልካም ሐሳብ ለትናንሽ ልጆች አልተሳካም ብዬ አምናለሁ። ሌላው ቅሬታዬ ስፔሰሩን ሳይሆን ኢንሄለሩን ይመለከታል። ብዙዎቹ የሳልቡታሞል ኢንሄለሮች 200 ርጭት ይዘው ሲመጡ መቁጠሪያ የላቸውም፤ መድኃኒቱ ካለቀም በኋላ ገፊው ጋዝ ስለሚቀር ሲወዘወዙ የሞሉ ይመስላሉ፣ ሲጫኑም ይተነፍሳሉ። በውኃ ላይ አንሳፍፎ መሞከርም አያስተማምንም። እኛ የተከፈተበትን ቀን በላዩ ላይ እየጻፍን የተሰጠውን ርጭት በወረቀት እንቆጥራለን።

ስፔሰር መድኃኒት አይደለም፣ የመድኃኒት መንገድ ነው። ልጄ በዚያው ቱቦ ሁለት ኢንሄለር ትወስዳለች፤ አንደኛው ሲርሲርታው (ስትተነፍስ የሚሰማው የፉጨት ድምፅ) ሲነሣ ቧንቧውን የሚከፍተው ሳልቡታሞል፣ ሁለተኛው ደግሞ በየቀኑ የሚሰጠውና የቧንቧውን መቆጣት የሚቀንሰው ስቴሮይድ ነው። የመጀመሪያው እፎይታው በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚታይ ወላጅ እሱን ይወዳል፣ ሁለተኛው ምንም ያደረገ ስለማይመስል ይተዋል፤ እኔም ለአንድ ወር ትቼው በዋጋው ተምሬያለሁ። ሳልቡታሞሉ በሳምንት ከሁለት ጊዜ በላይ ማስፈለግ ከጀመረ ሕመሙ አልተገታምና ሐኪም ማየት አለበት። ከስቴሮይዱ በኋላ አፏን ታጉመጠመጣለች፣ ማስኩ የነካውን ፊቷንም እናጥባለን፤ ይህ የአፍ ውስጥ ፈንገስንና የቆዳ መቆጣትን ይከላከላል።

ከዚህ በኋላ የምጽፈው ስለ ዕቃው ወሰን ነው፤ ከሁሉም በላይ እንዲነበብልኝ የምፈልገውም ይህንን ነው። ልጄ አራት ዓመት ከሞላት በኋላ አንድ ምሽት ኦቾሎኒ ያለበት ነገር በልታ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሆዴን አለች፣ ሁለት ጊዜ አስመለሳት፣ ከዚያም ሳልና ሲርሲርታ ጀመራት። ማስመለሱን ከሆድ መታወክ፣ ሲርሲርታውን ከአስሙ ቆጥሬ ስፔሰሩን አነሣሁ። ትንፋሿ ጥቂት ተሻለ፣ እሷ ግን ገርጥታ ዝም አለች፣ በአንገቷም ላይ ሽፍታ ወጣ። ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ ሐኪሙ ሌላ ምንም ሳያስቀድም በጭኗ ውጫዊ ጎን አድሬናሊን ወጋት። በኋላ ያስረዳን እንዲህ ነበር፦ አለርጂ የሚያመጣ ነገር ከተበላ በኋላ ቆዳ፣ ሆድ፣ ትንፋሽና የደም ዝውውር ከመሰሉት ከአንድ በላይ የሆኑት በአንድነት ሲታወኩ ያ አናፊላክሲስ፣ ማለትም ለሕይወት የሚያሰጋ አለርጂ፣ ነው። ማስመለስና ከባድ የሆድ ቁርጠትም ከምልክቶቹ ውስጥ ናቸው፤ የአስም ልጅ ደግሞ የበለጠ አደጋ ላይ ነው። መድኃኒቱ በክብደት ለአንድ ኪሎ ግራም 0.01 ሚሊ ግራም የሚሰላ አድሬናሊን ነው። ልጁ ይተኛል፤ ትንፋሽ ካስቸገረው መቀመጥ ይችላል፤ እንዲቆም ወይም እንዲራመድ ግን አይደረግም። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው አድሬናሊኑ ሊደገም ይችላል። ሳልቡታሞል በስፔሰር የሚሰጠው ከአድሬናሊኑ ቀጥሎ ነው፣ በምትኩ ፈጽሞ አይደለም። ከዚያ ዕለት ጀምሮ የስፔሰሩ ቦርሳ ውስጥ በሐኪም የታዘዘ ራሱ የሚወጋ አድሬናሊን አብሮ አለ።

ሆድና ትንፋሽ በሕፃን ላይ ምን ያህል እንደሚምታቱ የገባኝ በዚህ ሳቢያ ነው። ብዙ የሚያስል ልጅ ከሳሉ ብርታት ሊያስመልስ ይችላል፤ በሳንባ ታችኛው ክፍል ያለ የሳንባ ምች ደግሞ ሆዴን አመመኝ በሚል ስሞታ ሊጀምር ይችላል። አረንጓዴ ማስመለስ፣ በሰገራ ደም፣ የደነደነ ሆድ፣ ወይም ሕፃኑ እግሩን ወደ ሆዱ ስቦ በየጊዜው እየጮኸ መካከል ላይ ዝም ማለት ደግሞ ከመተንፈሻ ጋር ግንኙነት የሌለውና ቀዶ ሕክምና የሚጠይቅ ችግር ሊሆን ስለሚችል በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬድ ነው። ጤነኛ ሆኖ ሲጫወት የነበረ ልጅ ድንገት ታንቆ ቢያስልና ከዚያ ሲርሲርታ ቢጀምረው የተነፈሰው ባዕድ ነገር እንጂ አስም ላይሆን ይችላል። ምራቁን መዋጥ ያቃተው ልጅ የሰዓት ባትሪ የመሰለ ክብ ባትሪ ውጦ ከሆነ፣ ባትሪው የምግብ ቧንቧን በሁለት ሰዓት ውስጥ ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል። ለእነዚህ ሁሉ ስፔሰር ማንሣት ጊዜ ማባከን ነው። ከአንድ ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በቫይረስ ምክንያት የሚይዛቸው የቀጫጭን ሳንባ ቧንቧዎች መቆጣት፣ ብሮንኪዮላይተስም፣ ለሳልቡታሞል ብዙውን ጊዜ መልስ አይሰጥም።

ከዕቃው ጋር ሊሰጥ የሚገባው፣ እኛም በመጀመሪያው ቀን ያልተሰጠን፣ በጽሑፍ የሰፈረ የግል ዕቅድ ነው። የእኛ አሁን በማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፏል፤ ስንት ርጭት፣ በስንት ደቂቃ ልዩነት፣ እስከ ስንት ጊዜ እንደሚሰጥ ሐኪሟ ለእሷ ክብደትና ዕድሜ ጽፎልናል። ከታች በቀይ የተጻፈው መቼ ወደ ሐኪም ቤት መነሣት እንዳለብን ነው፦ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ሲያቅታት፣ ደረቷ ሲሰረጎድ፣ ከንፈሯ ሲጠቁር፣ ስትፈዝ ወይም ስትቅበዘበዝ፣ ከተሰጣት በኋላ ካልተሻላት፣ ወይም እፎይታው አራት ሰዓት ሳይቆይ ሲመለስ። ሲርሲርታው ድንገት ጠፍቶ ልጅቱ ግን ስትደክም ካየን ያ መሻል እንዳልሆነ፣ አየር መግባት እያቆመ መሆኑን የሚናገር መስመርም አለበት። በጉዞ ላይም ርጭቱ እንደሚቀጥል እዚያው ተጽፏል።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። ልጁ የአስም ኢንሄለር የታዘዘለት ወላጅ ከኢንሄለሩ ጋር ስፔሰር ካልተሰጠው ይጠይቅ። ሲመርጥ ማስኩ ከአገጭ እስከ አፍንጫ ድልድይ የሚደርስ፣ ዓይንን የማይነካ መሆኑን በልጁ ፊት ላይ ለክቶ፣ የራሱ ኢንሄለርም በጎማው ቀዳዳ ሳይላላ መግባቱን ሞክሮ ይግዛ። ሞተር የመግዛት ሐሳብ ካለው ሐኪሙ በተለይ ካላዘዘ በቀር ያቆየው። የእኛ ልጅ በሚቀጥለው ቀጠሮዋ ከማስኩ ወደ አፍ መያዣው ትሸጋገራለች፤ በከንፈሯ አጥብቃ መያዝ ችላለችና በየማታው ያለ መድኃኒት እየተለማመደች ነው፣ ትንፋሿንም አሁን የምትቆጥረው ራሷ በጣቶቿ ነው።